«አይገባኝም» ያለችው ተማሪ

ሲስተር ዘርትሁን ወንድይራድ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት የራስ ማዞር ክኒን ትውጣለች። በሽተኛ ሆና አይደለም። በላይ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመምህር ወንበር ስለሚዞር ነው።

ፊትና ኋላ የሚባል ነገር ከዩኒቨርሲቲው ከተነቀለ ቆይቷል። ኋላ የተቀመጠ ተማሪ ኋላ የቀረ ይመስለዋል ተብሎ አዳራሹ ክብ ሆኖ ተሠራ። መምህሯ መሃል ላይ ተቀምጣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ቀስ እያለች ትዞራለች። ለሁሉም ተማሪ እኩል ፊት ታሳያለች፣ እኩልም ጀርባ። ጀርባዋን ማየትም መብት ነው ተብሏል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት አረጋውያን መምህራን ወንበሩ ላይ አስታወካቸውና በጡረታ ተሸኙ፤ የቀሩት ክኒኑን ለመዱት።

የምታስተምረው አዋላጅነት ነው። ዓለም ሁሉ ሲለዋወጥ ምጥ አልተለወጠም፤ ልጅ ዛሬም በዚያው በድሮው መንገድ ነው የሚመጣው። ትምህርቱ ግን ተለውጧል። እሷ ስትናገር ቃሏ በቀጥታ ተማሪው ጆሮ አይደርስም። እያንዳንዱ ተማሪ ጆሮው ላይ ጉትቻ የሚሏት ነገር አለችው፤ በጉትቻዋ ውስጥ የሚናገረውን ደግሞ አጋዥ ይሉታል። አጋዥ የመምህሯን ቃል ተቀብሎ ተማሪው በሚወደው ነገር ይለውጥለታል። ኳስ ለሚወደው ማህፀን ሜዳ ይሆናል፤ ፍቅር ለሚወደው ምጥ ናፍቆት ይሆናል። ባለፈው ወር ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ የደም መፍሰስ ስታስተምር፣ ቢተው የሚባለው ተማሪዋ ፊቱ በደስታ ሲበራ አየች። ነገሩ ገርሟት ስትወጣ ጠየቀችው።

«ምን ሰምተህ ነው እንዲህ ያማረብህ?»

«ስለ አንድ ወንዝ ነዋ፣ ሲስተር! እንዴት ደስ ይላል መሰለዎት፣ ዝም ብሎ ይፈሳል።»

ይህ ልጅ በበዓለ ዕውቀት፣ ማለት ድሮ ፈተና ይባል በነበረው ቀን፣ «እጅግ ደማቅ» የሚል ውጤት አግኝቷል። ሁሉም እጅግ ደማቅ ነው። ስህተት የሚባል ስለሌለ የተሳሳተ መልስ «ሌላ ዓይነት ትክክል» ይባላል። «አይሆንም» ማለት ስሜት ይሰብራል ተብሎ በእሱ ፈንታ «ሌላ ዓይነት አዎ» ይባላል። መውደቅም ቀርቷል። አንድ የግቢ ጥበቃ «ኧረ ልጅቷ ከደረጃ ወደቀች!» ብሎ ቢጮህ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ «ወደ ታች ተሻገረች» ማለት ነበረበት። ልጅቷ እግሯን ተሰብራ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላነሳውም።

ሲስተር ዘርትሁንን ከሁሉ በላይ የከነከናት የ«ገባችሁ?» መከልከል ነው። መምህር ሆኖ «ገባችሁ?» ያላለ የለም። ተማሪ ሆኖም «አዎ!» ያላለ የለም። እርግጥ ድሮም ቢሆን ከሁሉ ጮክ ብሎ «አዎ!» የሚለው ምንም ያልገባው ነበር። ቢሆንም በዚያ ሁሉ «አዎ» መሃል አንድ ፊቱ የጨለመ ልጅ አይጠፋም፤ መምህር የሆነ ሰው ያንን ፊት ፈልጎ ያገኝና ይመለስበታል። አሁን የሚባለው «እንዴት ተሰማችሁ?» ነው። መልሱም አንድ ነው፤ «ደስ!»

ፊቱ የሚጨልም ተማሪ የቀራት አንዲት ብቻ ናት፤ ትርንጎ አስማረ። ትርንጎ ዓይነ ስውር ናት። በዩኒቨርሲቲው አጠራር «ባለ ውስጥ ብርሃን» ትባላለች። እሷ ግን «የምን ብርሃን? ዓይነ ስውር ነኝ፤ ምን አስዋሻችሁ?» ብላ ስታፋጥጣቸው ሹማምንቱ ሳል ሳል ይላቸዋል።

የዚያን ቀን ትምህርቱ የፅንስ አቀማመጥ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ስትመጣ አዋላጇ ሆዷን በእጇ ዳስሳ የልጁ ራስ ታች ይሁን ላይ መለየት አለባት። ራሱ ላይ ከሆነ፣ ልጁ በመቀመጫው የሚመጣ ከሆነ፣ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። ይህን ያላወቀች አዋላጅ ሁለት ነፍስ ይዛ ትጫወታለች። ሲስተር ዘርትሁን እየዞረች አስረዳች። አዳራሹ መሃል አየር ላይ የሴት ሆድ ምስል ተንሳፈፈ። በትርንጎ ጉትቻ ውስጥ ግን አጋዥ በሚያባብል ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ከፊትሽ ሞቅ ያለ ምስል አለ። ሙቀቱን አጣጥሚው።»

ትርንጎ ጉትቻዋን ነቅላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እጇን አወጣች።

«ሲስተር! ይሄ ነገር አይገባኝም።»

የሲስተር ዘርትሁን ልብ በደስታ ዘለለ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል የሚላት አጥታ ነበር! ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመና ጣሪያው ሐምራዊ መብራት አበራ።

ይህ ቃል ባለ ሁለት ሆድ ነው። ትምህርት የከበደውም አይገባኝም ይላል፤ ከአቅሙ በላይ የተሾመ ትሑትም አይገባኝም ይላል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው የቱ እንደሆነ ከአነጋገሩ ይለየዋል። አጋዥን የሠሩት ሰዎች ግን በላይ አምባ ያልገባው ተማሪ የለም ብለው ስላመኑ፣ የመጀመሪያውን ፍቺ ጭራሽ አላስተማሩትም። እሱ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

«ከመካከላችን አንዲት እህት ራሷን ዝቅ አድርጋለች» አለ አጋዥ በጣሪያው በኩል። «እናንሳት።»

ተማሪዎቹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉና እያጨበጨቡ ጮኹ። «ይገባሻል! ይገባሻል!»

«ኧረ አይገባኝም!»

«ይገባሻል!»

«ወይ ጣጣ! ጭንቅላቱ የት ጋ እንደሆነ ነው ያልገባኝ! ጭንቅላቱ!»

አጋዥ ጭንቅላት የሚል ሲሰማ ራሷን ያመማት መሰለው። ወዲያው ሁለት ወጣቶች ብርድ ልብስና ለብ ያለ ወተት ይዘው ገቡ። ትርንጎን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው፣ እሷ እየተሳደበች፣ ወደ ማጽናኛ ክፍል ወሰዷት። ቢተው እንባውን እየጠረገ ያጨበጭብ ነበር። ሲስተር ዘርትሁን ከወንበሯ አልተነሣችም። ወንበሩ እንደገና መዞር ሲጀምር አፍራ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ የአካታችነትና የፈጠራ ማስተማር ዳይሬክተሩ ዶክተር ሲራክ አስጠራት። ወጣት ነው። ስለ ማስተማር አራት መጽሐፍ ጽፏል፤ አስተምሮ ግን አያውቅም። የበላይና የበታች እንዳይመስል ሰውን ሁሉ የሚያናግረው «እኛ» እያለ ነው።

«እንዴት ዋልን፣ ሲስተር ዘርትሁን? ቁጭ እንበላ።»

ተቀመጠች። እሱም አብሯት ተቀመጠ።

«ዛሬ ክፍላችን ውስጥ አዝነናል አሉ። አንዲት ባለ ውስጥ ብርሃን እህታችን አይገባኝም ብላለች። በዚህ ዘመን! ከጠዋት ጀምሮ ስናስብበት ዋልን። ግን መፍትሔ አግኝተናል። በዚህ ወር እናስመርቃታለን። ኮከብ ተመራቂ ትሆናለች። የተወለደችበት ወይራ ውሃ ጤና ጣቢያ አዋላጇ ጡረታ ወጥታ ባዶ ነው፤ ኃላፊ አድርገን እንልካታለን። መድረክ ላይም ጤና ጣቢያው አብሯት የሚሠራ አጋሯን በአንደበቷ ትመርጣለች፤ የባለ ውስጥ ብርሃን ምርጫ ደግሞ የተከበረ ነው። ለዚያ የሚሆን አንድ ጎበዝ አጨብጫቢ አዘጋጅተንላታል።»

ሲስተር ዘርትሁን ደንግጣ ከወንበሯ ልትነሳ ቃጣት። ወይራ ውሃ ገጠር ነው፤ ሆስፒታሉ ሩቅ። ምጥ የያዛት ሴት እዚያ ስትደርስ የምታገኘው ትርንጎን ብቻ ነው። ትርንጎ ደግሞ ራስና መቀመጫ አትለይም።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷ ክብር አይገባኝም አላለችም። ትምህርቱን አልተረዳሁትም ማለቷ ነው።»

«እንዴት ማለታችን ነው?»

«አይገባኝም ማለት እኮ አልተረዳሁም ማለትም ነው። ድሮ ተማሪዎች እንዲያ ይሉ ነበር።»

ዶክተር ሲራክ ዓይኑ ፈጠጠ። የምሩን ነው፤ ሰምቶት አያውቅም። እሱ ራሱ ያደገው ሁሉም ነገር በገባቸው ልጆች መሃል ነው።

«ሁለት ትርጉም አለው? አንዱን ብቻ የሚያውቀውን ሰው ያገልላላ!» ፊቱ በራ። «ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ዛሬውኑ እናስተካክለዋለን። አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም። አልተረዳሁም እናደርገዋለን። ሲስተር፣ ደምቀናል!»

«ታዲያ ምረቃው ይቀራላ?»

«ሌላ ዓይነት አዎ» አላት፣ እየሳቀ ወደ በሩ እየሸኛት። አይቀርም ማለቱ ነው።

ቢሆንም ሲስተር ዘርትሁን ደረጃውን ስትወርድ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር። ቢያንስ ቃሉን አስተካክላለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሷ ተናግራለች።

እሁድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ትርንጎ ናት፤ በዱላዋ ደረጃውን እየነካካች ብቻዋን መጥታለች።

«ጉትቻሽስ?» አለች ሲስተር ዘርትሁን በሹክሹክታ።

«ስኳር ዕቃ ውስጥ ቀብሬው ነው የመጣሁት። ይጣፍጠው።» ትርንጎ ቁጭ አለችና ወዲያው ወደ ነገሯ ገባች። «ሲስተር፣ ወይራ ውሃ ሊልኩኝ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ናት፤ እርጉዝ ናት። እኔ እንዳዋልዳት ነው የምትጠብቀኝ፤ ኧረ አገሩ ሁሉ ነው። ያስተምሩኝ።»

«ልጄ፣ ከአጋዥ ውጭ ማስተማር እኮ ተከልክሏል። ቢያውቁብኝ ከሥራዬ ያባርሩኛል።»

«እርስዎን ከሥራ ያባርሩዎታል። እኔን ግን ምን ብዬ ነው እህቴን የምቀብራት?»

ሲስተር ዘርትሁን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ፎጣ ጠቅልላ የሕፃን ገላ ሠራች። ለራሱ የሚሆን ነገር ስትፈልግ ከቅርጫት ውስጥ አንድ ትልቅ ትርንጎ አገኘች። በፎጣው ጫፍ አሰረችውና ሁሉንም የትራስ ልብስ ውስጥ ከትታ፣ ዙሪያውን በጥጥ ሞልታ፣ የልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ዳስሺ። ስምሽን ታገኚያለሽ።»

ትርንጎ ዳሰሰች። ሲስተር ዘርትሁን በእጇ ላይ እጇን ጭና አስረዳቻት። ከአፏም ያ የተከለከለው ቃል ሳታስበው አመለጠ።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም።»

«እንደገና። ራስ ደረቅ ነው፤ ነካ ስታደርጊው ብቻውን ወዝወዝ ይላል። መቀመጫ ግን ለስለስ ይላል፤ ስትገፊው ገላውን ይዞ ነው የሚሄደው። ገባሽ?»

«አልገባኝም። ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ምን ያጣድፍዎታል?»

እንዲህ ያለ ድፍረት ሰምታ አታውቅም፤ ግን እንዴት ደስ አላት! ጀርባዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ደጋግማ አሳየቻት። ከዚያ ልጅቷ እንዳታውቅ ፎጣውን አዙራ መለሰችላት። ትርንጎ ዳስሳ፣ ዳስሳ፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ ደረቅ ነው። ብቻውን ይወዛወዛል። ግን ላይ ነው ያለው እኮ! ገልብጠውታል እንዴ?»

«ገልብጬዋለሁ።»

«ገባኝ! ሲስተር፣ ገባኝ!»

ሁለቱም አለቀሱ። ጥቂት ቆይቶ ትርንጎ የትራሱን ልብስ ከጭኗ አወረደች።

«ይሄ አንድ ነገር ነው። ሌላውስ? ደም ሲፈስ እኔ የሰማሁት ስለ ማር ቆረጣ ነበር። በአንድ እሁድ አራት ዓመት አይማሩም፣ ሲስተር። ዲግሪውን አልቀበልም።»

«እንዴት አድርገሽ? አይሆንም የሚለውን ቃል እኮ አይሰሙሽም።»

«አይገባኝም እላለኋ! ያን ጊዜ ሳልለው አልሽ ያሉኝን አሁን ከልቤ እለዋለሁ። ለእሱ እንኳን ጆሮ አላቸው።»

ሲስተር ዘርትሁን አንድ ነገር የረሳች መሰላት። ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም። ግንባሯን ሳመቻትና ሸኘቻት።

የምረቃው ቀን አዳራሹ በአበባ ተሞላ። ተመራቂዎቹ ሁሉ ኮከብ ተመራቂዎች ነበሩ፤ ትርንጎ ደግሞ የኮከቦች ኮከብ ተብላ መጨረሻ ላይ ተጠራች። ዶክተር ሲራክ ራሱ እጇን ይዞ መድረክ ላይ አወጣትና ዲግሪውን አስጨበጣት። ድምፅ ማጉያው ተሰጣት። ትርንጎ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ይህ ዲግሪ አይገባኝም» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «ሳልማር ነው የሰጣችሁኝ።»

ሲስተር ዘርትሁን ከመምህራኑ መሃል ተቀምጣ ሐምራዊውን መብራት ጠበቀች። ሐምራዊ አልበራም። ጣሪያው አረንጓዴ ሆነ።

«እህታችን አልተረዳችም» አለ አጋዥ። «እናቅልልላት። ይህ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ያንቺ ነው። አንቺ ጎበዝ ነሽ።»

«አይገባኝም አልኩ!»

«ከዚህም እናቅልልላት። ወ-ረ-ቀት።»

«ወ-ረ-ቀት!» አለ አዳራሹ እያጨበጨበ።

ያን ጊዜ ነው የረሳችው ነገር ምን እንደሆነ የገባት። ቃሉን ያስለወጠችው እሷ ናት። ልጅቷ በመጨረሻ እምቢ የምትልበትን አንድ ቃል በገዛ አፏ ሄዳ ለዶክተር ሲራክ አስረከበች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። እጇን ነከሰች። መድረኩ ላይ ትርንጎ ያንኑ ደጋግማ ስትል፣ አጋዥ እያቀለለ፣ እያቀለለ፣ በመጨረሻ ፊደል ብቻ ቀረው። ልጅቷ ደክሟት ዝም አለች።

«አሁን ተረድታለች» አለ ጣሪያው። «እህታችን፣ አጋርሽን ምረጪ።»

አጨብጫቢው ከመጋረጃ ጀርባ እጆቹን እያፋተገ ብቅ አለ። ትርንጎ ድምፅ ማጉያውን እንደጨበጠች ቆመች። ከዚያ ፊቷ ላይ፣ ያን እሁድ የፎጣው ሕፃን መገልበጡን ባወቀች ጊዜ የታየው ነገር ታየ።

«ሲስተር ዘርትሁን ወንድይራድ።»

ዶክተር ሲራክ ብድግ አለ። መምህር የሆነች ሴት ለገጠር ጤና ጣቢያ አጋር ትሆናለች ብሎ ማን አስቦ! እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

«ሌላ ዓይነት አዎ!»

«አዎ» አለ አጋዥ። «ዳይሬክተራችን ተስማምተዋል።»

«ሌላ ዓይነት አዎ እኮ ነው ያልኩት! ሌላ ዓይነት!»

«እጅግ ተስማምተዋል። ጸድቋል።»

ዶክተሩ በጮኸ ቁጥር ጣሪያው ይበልጥ አረንጓዴ ሆነ፤ ጭብጨባውም ቀለጠ። እምቢታን ከአገር ያጠፋ ሰው እምቢ የሚልበት ቃል ቸግሮት አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲስተር ዘርትሁን ፈቃደኛ መሆኗን የጠየቃት የለም። እሷ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ወደ መድረኩ እየሄደች ነበር። ቤቷንና ሥራዋን ጥላ ወደማታውቀው ገጠር መሄዷ አስፈርቷታል፤ ያቺ ልጅ ብቻዋን መሄዷ ግን የባሰ ያስፈራት ነበር።

በማግስቱ ተመራቂዎቹን የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ከላይ አምባ ወጡ። ሲስተር ዘርትሁን የማዞር ክኒኗን አልዋጠችም። የትራሱን ልብስ እግሯ ሥር አድርጋ ገና ከተማውን ሳይለቁ ጀመረች።

«ከወለደች በኋላ ደም ሲፈስ መጀመሪያ ማህፀኗን ታሺዋለሽ። እንዲህ፣ ከእንብርቷ በታች ተጭነሽ፣ እንደ ድንጋይ ደረቅ እስኪል። ለስላሳ ከሆነ እየደማ ነው ማለት ነው። ገባሽ?»

ትርንጎ ልትመልስ ስትል ከጎናቸው ረዥም ጡሩንባ ተነፋ። መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ደርሰው ነበር።

«ማነው?»

«ቢተው ነው። በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን እያውለበለበልሽ ነው። እነሱ በግራ ነው የሚታጠፉት።»

«የት ደረሰው?»

«ትልቅ ወረዳ ነው አሉ። ሕዝቡ ብዙ ነው።»

ትርንጎ የጡሩንባው ድምፅ እስኪጠፋ ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች።

«ሲስተር፣ ደም ሲፈስ እሱ የሰማው ምን ነበር?»

«ወንዝ።»

ልጅቷ የትራሱን ልብስ ከወለሉ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ዘረጋች።

«አልገባኝም» አለች። «እንደገና ይንገሩኝ።»